አጥር ነቃዩ

እማዬ በስልክ «ቅዳሜን ምን ስትሠራ ዋልክ?» ስትለኝ «አጥር ስነቅል» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «የማንን?» አለች። አልፈረድኩባትም፤ እኛ ዘንድ የሰው አጥር የነካ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል።

«ባለቤቱ ራሱ ነው እኛን በጎ ፈቃደኞቹን የጠራን» ብዬ አስረዳኋት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ከምኖርበት ከዴንቨር ወደ ሰሜን ሲነዱ ዋዮሚንግ ይገባል። እዚያ ሜዳ ላይ ፕሮንግሆርን የሚባል እንስሳ አለ። ሲያዩት ሚዳቋ ይመስላል፤ በዘር ግን ለቀጭኔ ይቀርባል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ በአሜሪካ ምድር የሚቀድመው የለም። በረዶ ሲመጣ በግራንድ ቲተን ተራሮች ግርጌ የከረመው መንጋ ወደ ግሪን ሪቨር ተፋሰስ ይወርዳል፤ መንገዱ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ የደን አገልግሎት መንገዱ በብሔራዊ ደን ውስጥ የሚያልፍበትን ክፍል የፍልሰት መስመር ብሎ ከልሎታል።

ይህ ሯጭ ታዲያ አጥር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ገላጣ ሜዳ ላይ የኖረ ስለሆነ መዝለል ልማዱ አይደለም፤ በሥር መሹለክ ነው የሚሞክረው። የታችኛው ሽቦ ዝቅ ካለ እሾሁ ጀርባውን ይልጠዋል። ለበግ የታጠረው መረብ ሽቦ ደግሞ መሬት ስለሚነካ ጭራሽ አያሳልፍም። እኛ የነቀልነው እንዲህ ያለውን ነበር፤ በጎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፣ አጥሩ ግን እዚያው ቀርቷል። በአንዱ ቋሚ አጠገብ ሽቦው ላይ የተሰካ የእንስሳ ፀጉር አገኘሁ።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ጓንት፣ ፒንሳ፣ ወፍራም ሱሪ። እኔ ግን ውጥረቱን ሳላላላ ስቆርጠው ሽቦው እንደ እባብ ተወርውሮ እጅጌዬን ቀደደው። ከዚያ በኋላ የሚባለውን መስማት ጀመርኩ፦ መጀመሪያ አላላ፣ ቀጥለህ ቁረጥ፣ ምስማሩን ንቀል፣ ሽቦውን ጠቅልል፣ ቋሚውን መጨረሻ። ቁርጥራጩም አንድ ሳይቀር ይለቀማል፤ ላም ከሣር ጋር ከዋጠችው ሆዷን ይወጋታል።

ሁሉም አጥር ይነቀል እያልኩ አይደለም። ከብት ባለበት አጥሩ ይቆያል፤ የታችኛው ሽቦ ብቻ እሾህ በሌለው ተለውጦ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ላሟ አትወጣም፣ ፕሮንግሆርኑ ያልፋል። የላይኛውም ወደ አንድ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም አጋዘን ዘላይ ነው፣ ዝላዩ ሳይበቃው ሲቀር የኋላ እግሩ በላይኞቹ ሁለት ሽቦዎች መካከል ተጠምዝዞ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መሄድ የምትፈልጉ በየአካባቢያችሁ ያሉትን የዱር እንስሳት ማኅበራት ጠይቁ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን አንድ ሽቦ እንዳትነኩ።

እማዬ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያን ሁሉ ሽቦ ጣላችሁት?»

«አይ እማዬ፣ እዚህም ቁራሌው አለ» አልኳት። ያኔ ተነፈሰች።