ዓሣን መብላት በብልሃት፦ የስምንት ደቂቃው ሳልሞንና የቢሊዮኖች ገበያው

አንድ የኖርዌይ ሳልሞን ከእንቁላል ተፈልፍሎ ለገበያ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እሳት ላይ የሚቆየው ግን ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች አጭር ጊዜ ከተሳሳቱ የአርቢው፣ የጫኙ፣ የጅምላ ነጋዴውና የቸርቻሪው ድካም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዢው ገንዘብ፣ ደርቆ ሳህን ላይ ይቀራል። አበው "ዓሣን መብላት በብልሃት" ያሉት ስለ እሾሁ ነበር። ዛሬ ብልሃቱ ከእሾሁ አልፎ እስከ ዋጋው ደርሷል።

ሳልሞን ርካሽ ዓሣ ሆኖ አያውቅም። ያም ሆኖ በአውሮፓና በአሜሪካ ከሆቴል ጠረጴዛ ወርዶ ከሥራ የገባ ሰው ቶሎ አዘጋጅቶ የሚበላው እራት ለመሆን በቅቷል። ለዚህ ያበቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የኖርዌይ የባሕር ላይ ዓሣ እርባታ፣ ሁለተኛው "ኤር ፍራየር" የተባለው በሞቃት አየር የሚጠብስ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ሁለቱም የተወለዱበት፣ ያደጉበትና የከበሩበት መንገድ ለነጋዴ ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመረብ እስከ ሚዛን

ንግዱ መልክ የያዘው በ1970 ነው። ሂትራ በተባለችው የኖርዌይ ደሴት የግሮንትቬት ወንድማማቾች የሳልሞን ጫጩቶችን ባሕር ላይ በተንሳፈፈ መረብ ውስጥ አሳድገው ለገበያ አበቁ። ዘዴው በኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ሁሉ ተዛመተ፤ ከዚያም ወደ ስኮትላንድ፣ ካናዳና ቺሊ ተሻገረ። ዛሬ በእርባታ ሳልሞን ኖርዌይ አንደኛ፣ ቺሊ ሁለተኛ ናቸው። በ2023 ብቻ ኖርዌይ ወደ 1.2 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሳልሞን ወደ ውጭ ልካ ከ120 ቢሊዮን ክሮነር በላይ አስገብታለች።

የዚህ ሸቀጥ ፈተናው አለመቆየቱ ነው። አብዛኛው በረዶ ተነስንሶበት ትኩስ ሆኖ ስለሚሸጥ፣ እንደ ቡና ወይም እንደ ሰሊጥ መጋዘን አስገብቶ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ አይቻልም። የወጣው ዓሣ በቀናት ውስጥ ገዢ ማግኘት አለበት። ወደ አውሮፓ በከባድ መኪና፣ ወደ አሜሪካና ወደ እስያ በአውሮፕላን ይጓዛል። በብዛት ከሚገዙት አገሮች ግንባር ቀደሟ ፖላንድ ስትሆን፣ ምክንያቱ የሕዝቧ ዓሣ ወዳድነት ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎቿ ዓሣውን ከፍለው፣ አጭሰውና አሽገው ለጀርመንና ለሌሎች ጎረቤቶች መልሰው ይሸጡታል።

ዋጋውም ወቅት አለው። በበጋቸው ውኃው ሲሞቅ ዓሣው በፍጥነት ስለሚያድግ በመኸር ወራት ብዙ ምርት ይወጣና ዋጋው ይወርዳል። ከክረምታቸው ማብቂያ እስከ ጸደይ ግን አቅርቦቱ ይሳሳል፤ ዋጋውም ሽቅብ ይወጣል። ይህን መዋዠቅ ለመቋቋም በ2006 በርገን ከተማ ላይ የሳልሞን የወደፊት ግብይት ተጀመረ። አርቢውና ፋብሪካው ገና ባሕር ውስጥ ላለው ዓሣ ከወራት በፊት ዋጋ እየቆረጡ መዋዋል ቻሉ።

ጃፓንን ያሳመነው ሽያጭ

በ1980ዎቹ ማብቂያ የኖርዌይ አርቢዎች ከገበያው አቅም በላይ አመረቱ። ዋጋ ወደቀ። የአርቢዎቹ የሽያጭ ድርጅት ዋጋ ለመደገፍ ሲል ዓሣውን እየገዛ ማቀዝቀዣ ቤት ቢያከማችም ክምችቱ ራሱ ዕዳ ሆነና ድርጅቱ በ1991 ከሰረ።

መውጫው የተገኘው ከሩቅ ምሥራቅ ነው። ጃፓኖች ጥሬ ዓሣ ይበላሉ፤ ሳልሞንን ግን ጥሬውን አይበሉም ነበር። በባሕራቸው የሚያዘው የፓስፊክ ሳልሞን ጥገኛ ትል ስለሚገኝበት አብስለው ወይም ጨው ነስንሰው ነበር የሚመገቡት። ኖርዌይ ከ1985 ጀምሮ ልዑካን እየላከች የእርባታው ዓሣ ከዚህ ችግር የራቀ መሆኑን ለማስረዳት ዓመታት ፈጀች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢዮርን ኤሪክ ኦልሰን የተባለው የኖርዌይ ተወካይ ኒቺሬ ለተባለው ትልቅ የጃፓን የምግብ ኩባንያ 5,000 ቶን ሳልሞን በርካሽ ዋጋ አቀረበለት። የተያያዘው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፦ ዓሣው ለሱሺ፣ ማለትም ለጥሬ ምግብ ተብሎ እንዲሸጥ።

ሻጩ በዋጋ ተጎድቶ ስም ገዛ። ዛሬ ሳልሞን የሌለበት የሱሺ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሞላ መጋዘን ያስጨነቀው ነጋዴ ዋጋ ቀንሶ የትም ከመበተን ይልቅ፣ ቅናሹን ለወደፊት ስሙ ማስከፈል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ትርፍ ባለበት በሽታም ግብርም አለ

አክሲዮን ገዢዎች ይህን ንግድ የሚያዩት በጉጉትም በፍርሃትም ነው። ቺሊ ከ2007 ጀምሮ በተዛመተ የሳልሞን ደም ማነስ ቫይረስ እርባታዋ ክፉኛ ተመትቶ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ ውጭ ሆኗል። በ2016 ደግሞ መርዛማ የባሕር አልጌ ተባዝቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓሣ ገደለባት። የኖርዌይ የዘወትር ራስ ምታት የባሕር ቅማል ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠው ግን ከባሕር ሳይሆን ከቢሮ የመጣው ነው። የኖርዌይ መንግሥት መስከረም 28 ቀን 2022 በሳልሞን አርቢዎች ላይ 40 በመቶ ልዩ ግብር ለመጣል ማሰቡን ሲያስታውቅ የአንዳንዶቹ አክሲዮን በዚያው ቀን የዋጋውን ሩብ ያህል አጣ። ከብዙ ክርክር በኋላ ፓርላማው በ2023 ግብሩን ወደ 25 በመቶ ዝቅ አድርጎ አጸደቀው። ይህም ከመደበኛው 22 በመቶ የትርፍ ግብር በላይ የሚከፈል ነው።

ሞቃት አየር የሚሸጥ ዕቃ

ኤር ፍራየር ከኔዘርላንድስ የመጣ ነው። ፍሬድ ቫን ደር ቬይ የተባለው የፈጠራ ሰው ድንችን ብዙ ዘይት ውስጥ ሳይዘፍቅ ጥርት አድርጎ ለመጥበስ ሲሞክር ያዳበረውን ዘዴ ፊሊፕስ ኩባንያ በ2010 በርሊን በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ለገበያ አቀረበው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ የጋለ ሽቦ፣ ከሽቦው አጠገብ ኃይለኛ ማራገቢያ፣ ከታች ቀዳዳ ያለው ቅርጫት። ሞቃቱ አየር ምግቡን እየዞረ የላዩን እርጥበት ስለሚያደርቅ ጥቂት ዘይት ብቻ የነካው ምግብ ኮሽ ኮሽ የሚል ይሆናል። እንግዲህ ዕቃው በስሙ "መጥበሻ" ቢባልም በሥራው ትንሽ ፈጣን ምድጃ ነው። ገዢውን የማረከው "ዘይት ይቀንሳል" የሚለው ተስፋ ነበር። በቤቱ ያቆየው ግን ፍጥነቱ ነው።

ፊሊፕስ የቤት ዕቃ ክፍሉን በ2021 ሂልሃውስ ለተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሸጦታል። ኤር ፍራየሩም በፊሊፕስ ስም መሸጡን ቀጥሏል። የፈጠራ ሐሳቡን ብዙዎች ስለተከተሉት ዛሬ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ ከገበያ ገበያ በጣም ይለያያል።

ስምንቱ ደቂቃ

ለአራት ሰው አራት የሳልሞን ፊሌቶ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ከ150 እስከ 180 ግራም፣ ቆዳው ያልተገፈፈ ይሁን። ለቅቡ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ሁለት ማንኪያ ማር፣ አንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ተፈጭተው ይቀላቀላሉ። ድብልቁ በትንሽ ድስት ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ተንተክትኮ ማንኪያ ላይ ሲለጠፍ ይወጣል። ሲቀርብ የሚፈስበት ድርሻ አስቀድሞ ለብቻው ይቀመጥ፤ ጥሬ ዓሣ የነካ ብሩሽ የገባበት ቅብ ለገበታ አይሆንም።

ኤር ፍራየሩ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሦስት ደቂቃ ይሞቃል። ዓሣው በሶፍት በደንብ ይደርቃል። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ቆዳው ኮሽ የማይልላቸውም እነሱ ናቸው። ውኃ ሳይተን ቆዳ አይደርቅምና። ከዚያ ጥቂት ዘይትና በጣም ትንሽ ጨው ነካ ተደርጎ፣ ሶያው ራሱ ጨዋማ ስለሆነ፣ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ቅርጫቱ ላይ ይደረደራል። ቁራሾቹ እርስ በርስ አይነካኩ፤ አየሩ መዞሪያ ይሻል።

አምስት ደቂቃ ሲሞላ በጥንቃቄ ይገለበጥና ሥጋው ላይ ቅቡ ይቀባል። ለሦስት ደቂቃ ይመለሳል። ቅቡን ከመጀመሪያው የሚቀባ ሰው "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የተባለው ይደርስበታል፦ ማሩ ዓሣው ሳይበስል ያርና ይመራል። የዓሣው መሐል 63 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል። ሙቀት መለኪያ የሌለው በሹካ ይነካው፤ ሥጋው በቀላሉ ተላቆ ውስጡ መስታወት መምሰሉን ከተወ ደርሷል። ነጭ እንደ እንቁላል ያለ ነገር በብዛት ከጎኑ ከወጣ እሳቱ በዝቶበታል ማለት ነው። ቁራሹ ወፍራም ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። በረዶ የሆነው ዓሣ ደግሞ አስቀድሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ይቅለጥ።

ሒሳቡ

1,500 ዋት የሚስብ ኤር ፍራየር ማሞቂያውን ጨምሮ ለ11 ደቂቃ ቢሠራ የሚፈጀው ከ0.3 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው። ትልቁ ምድጃ እስኪሞቅ ብቻ ከዚያ የማያንስ ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ለአሥር እንግዳ በአራት ዙር መጥበስ ካስፈለገ ጥቅሙ ወደ ትልቁ ምድጃ ይዞራል።

ዋናው ሒሳብ ያለው ዓሣው ላይ ነው። ሙሉ ዓሣ በኪሎ 100 ተገዝቶ ራሱ፣ አጥንቱና ቁራጩ ወጥቶ 600 ግራም ፊሌቶ ቢቀር፣ የፊሌቶው እውነተኛ ዋጋ በኪሎ 167 ገደማ ነው። ቸርቻሪው ፊሌቶውን ከዚህ በታች የሚሸጥ ከሆነ ተዘጋጅቶ የቀረበውን መግዛት ያዋጣል፤ ከላይ ከሆነ ቢላ መሳል ይሻላል። ቀለሙም ገዢን አያታልል። የእርባታ ሳልሞን ሮዝ መልክ የሚመጣው መኖው ውስጥ ከሚጨመረው አስታዛንቲን ከተባለ ንጥረ ነገር ነውና የትኩስነት ምስክር አይደለም። ትኩስነትን የሚናገሩት ሽታው፣ ሲነኩት ተመልሶ የሚነሣ ሥጋውና የማሸጊያው ቀን ናቸው።

ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

ሳልሞን በኢትዮጵያ ውኃ አይኖርም። የቅርብ ዘመዱ ትራውት ግን ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለምዷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የጭነት አውሮፕላኖቹን አሰማርቶ ከኦስሎ ሳልሞን ወደ እስያ በማጓጓዝ ይታወቃል፤ ዓሣው የእኛ ባይሆንም ከማመላለሻው ገቢ ድርሻ አለን።

ዕቃው ያለው ሰው ደግሞ የግድ ሳልሞን አይጠብቅም። የዝዋይና የጫሞ ቆሮሶ በዚሁ ቅብ ይሠራል። ፊሌቶው ቀጭንና ስቡ ያነሰ ስለሆነ ዘይቱ ትንሽ ከፍ፣ ጊዜው ወደ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ዝቅ ይላል፤ መገልበጡም ይቀራል። ማሩ እንደ ሳልሞኑ ሁሉ በመጨረሻ ይቀባል።

የኖርዌይ አርቢ ዓሣውን ለማሳደግ ሦስት ዓመት፣ ጃፓንን ለማሳመን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ታግሷል። ከገዢው የሚጠበቀው ትዕግሥት አምስት ደቂቃ ነው፦ ቅቡን እስኪቀባ።