የብየዳ ማሽን ከመግዛት በፊት

የብየዳ ማሽን ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት አምፒር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩ የካርቶኑን ጎን ያሳየዋል፤ 200፣ 250፣ አንዳንዴም 300 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ገዢው ትልቁን ቁጥር ተሸክሞ ይወጣል። በርና መስኮት፣ አጥርና የሮቶ ማቆሚያ ለሚሠራ ሰው ግን ያ ቁጥር ብዙም አይነግረውም። የሚበየደው ብረት ምን ዓይነትና ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ሥራው ጣሪያ ሥር ይሁን ሜዳ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ማሽኑ የሚሰካበት መስመር ምን ያህል እንደሚችል ያወቀ ሰው ግማሹን ምርጫ ከቤቱ ሳይወጣ ጨርሷል።

ከውፍረቱ እንጀምር። ለግቢ በርና ለመስኮት ፍርግርግ የሚውለው ቱቦላሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የበሩ ላሜራ ከዚያም ሊሳሳ ይችላል። ለዚህ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፒር ይበቃዋል። ወፈር ላለ አንጎላሬና ለጣሪያ ተሸካሚ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከተያዘም ከ90 እስከ 140 አምፒር ነው። 4 ሚሊ ሜትር የሚጠይቅ ሥራ ሰፈር ውስጥ ያለ ብየዳ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ስስ ብረት የሚሠራ ሰው የሚቸገረው በጉልበት ማነስ ሳይሆን ቱቦላሬው እየተበሳ ነው። ለእሱ የሚሻለው ማሽን 60 አምፒር ላይ ዝቅ ብሎም እሳቱ ሳይቆራረጥ የሚነድ ነው። ይህን ደግሞ ከመክፈል በፊት መሞከር ይቻላል፦ ቁራጭ ቱቦላሬና ሁለት ሦስት ኤሌክትሮድ ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቁ በር ላይ መበየድ። እምቢ የሚል ሻጭ ካለ ጎረቤቱ ጋ ማሽን አይጠፋም።

ካርቶኑ ያልነገረው ነገር ከማሽኑ ጀርባ በተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። እዚያ «ኤክስ» ከሚለው ፊደል ጎን በመቶኛ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። ማሽኑ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ መበየድ እንደሚችል የሚናገሩ ናቸው። በ200 አምፒር 30 በመቶ የሚል ከሆነ ሦስት ደቂቃ በይዶ ሰባት ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት ማለት ነው። ያው ማሽን ያለ ዕረፍት የሚሠራው ወደ 110 አምፒር ገደማ ሲወርድ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው በ40 ዲግሪ ሙቀት ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ መመዘኛ የሚያስበው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ያለ ቦታን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው ይዞት የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የደጋው ብርድ ጥቂቱን ቢክሰውም፣ ቀኑን ሙሉ የሚበይድ ሰው ሰሌዳው ላይ ካየው ትንሽ ቀንሶ ቢያስብ ይሻለዋል።

ብዙ ገንዘብ የሚቃጠለው ግን በመብራቱ በኩል ነው። ኢንቨርተር የሚባለው የብየዳ ማሽን በአማካይ 80 አምፒር ሲበይድ ከ220 ቮልት መስመር ወደ 14 አምፒር ይስባል። 140 ላይ ሲደርስ 25 አምፒርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። መደበኛው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 አምፒር ነው። ስለዚህ ቱቦላሬ ሲበይድ ችግር ያልነበረበት ሶኬት፣ 3.2 ኤሌክትሮድ በተያዘበት ቀን ስፒናው ይቀልጣል፤ ሰውም «ማሽኑ ብልሽት አለው» ይላል። መፍትሔው ከብሬከሩ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመር ነው። ማራዘሚያም ካስፈለገ ሽቦው ቢያንስ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ ከበዛ 4 ይሁን፤ ሲሠራም ተጠቅልሎ አይቀመጥ፣ ይግላልና። ሰፈሩ ውስጥ ማታ ማታ ቮልቴጁ የሚወርድ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ዝቅተኛውን ቮልቴጅ ማየት ያስፈልጋል።

በጄኔሬተር ለሚሠራም ሒሳቡ ያው ነው፤ 140 አምፒር ለመበየድ ወደ 6 ኬቪኤ ገደማ ያስፈልጋል። ጄኔሬተሩ ራሱ ግን በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ 6 የተባለው ጄኔሬተር 5 እንኳ አይሞላም፤ 8 መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ትራንስፎርመር ወይስ ኢንቨርተር? አሮጌው ትራንስፎርመር ከባድ ነው፣ መብራት ይበላል፣ እሳቱም ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ውስጡ ከጥቅል ሽቦና ከብረት የዘለለ ብዙ ነገር የለውም፤ ሲቃጠል ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ይመልሰዋል። ኢንቨርተር በአንድ እጅ ይያዛል፣ ደረጃ ተወጥቶበት ይሠራል፣ በአነስተኛ አምፒር ላይም ጎበዝ ነው። ጠላቱ ግራይንደር ነው። የሚበተነው የብረት ብናኝ በማራገቢያው ተስቦ ቦርዱ ላይ ይቀመጥና አንድ ቀን ያገናኘዋል። ማሽኑን ከግራይንደሩ ማራቅና ከመብራት ተነቅሎ በየጊዜው ውስጡን በኮምፕሬሰር መንፋት ዕድሜውን ያረዝመዋል። በእኔ ግምት ለአዲስ ብየዳ ቤት ኢንቨርተር ይበልጣል፤ ጠጋኙ ቅርብ በሌለበት ወረዳ ግን ትራንስፎርመሩን የሙጥኝ ያለን ሰው አልስቅበትም።

ኤሌክትሮድም ከማሽኑ እኩል ይመረጣል። በየሱቁ የሚገኘው 6013 ነው። መጀመሪያ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የብየዳውን ጥንካሬ ያመለክታሉ፤ በስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ መሳብ ይችላል ማለት ነው። ለበርና ለመስኮት ከዚህ የተሻለ መፈለግ ትርፍ ወጪ ነው። ሰው የሚቆምበት፣ ሸክም የሚንጠለጠልበት ወይም የሚንቀጠቀጥ ነገር ሲሆን 7018 ይመከራል፤ ብየዳው በቀላሉ አይሰነጠቅም። ይህ ኤሌክትሮድ ግን እርጥበት አይወድም። በክረምት ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የሰነበተ 7018 ስሙን ብቻ ይዟል፤ ፋብሪካው ባዘዘው ሙቀት ደግሞ መድረቅ አለበት። በተራ ትራንስፎርመር ላይም ብዙ ጊዜ እሳት አይዝም። ከኢንቨርተር ጋር ሲሆን መያዣው ፖዘቲቭ ላይ ይሰካል።

ሚግ የሚባለው ሽቦ የሚተፋ ማሽን ለመኪና ቦዲና ተመሳሳይ ዕቃ በብዛት ለሚያመርት ቤት ወርቅ ነው፤ ፈጣን ነው፣ የሚቀረፍ ቅርፊት የለውም። ነገር ግን የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ንፋስ ከነካውም ጋዙ ይበተንና ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ሲሊንደሩን የሚሞላ ድርጅት በሌለበት ከተማ ሚግ መግዛት ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ያለ ጋዝ የሚሠራ ልዩ ሽቦ አለ፤ ለእሱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ማገላበጥ እንዳይረሳ። ቲግ ለእስቴንለስ መደገፊያና ለወጥ ቤት ዕቃ ነው፤ አርጎን ጋዝና የተረጋጋ እጅ ይጠይቃል። አሉሚኒየም ለመበየድ ኤሲ የሚያወጣ ቲግ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ርካሽ ማሽኖች ቲግ ተብለው ቢጻፍባቸውም ዲሲ ብቻ ናቸው፤ አሉሚኒየም ለመሥራት ያሰበ ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። ራዲያተርና የመዳብ ቱቦ የሚሠራ ደግሞ የኦክሲጅንና አሴቲሊን ብየዳውን አይለቅም።

ከማሽኑ ገንዘብ ላይ ለመከላከያ የሚሆን ይቀነስ። የፀሐይ መነጽር የብየዳን ብርሃን አይከላከልም፤ እስከ 150 አምፒር ለሚሠራ ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው። ብየዳ ቤቶቻችን መንገድ ዳር በመሆናቸው ሸራ ወይም ላሜራ መጋረጃ ለሚያልፈው ሕፃን ዓይንም ከለላ ነው። ከምናለሽ ተራ የመጣም ሆነ አዲስ፣ ዚንክ የተቀባ ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወተት መጠጣት ጭሱን አያስወጣውም። የሚጠቅመው የሚበየደውን ዳር በግራይንደር እስከ ጥቁሩ ብረት መላጥ፣ በር ከፍቶ ጭሱ ወደ ፊት እንዳይመጣ በጎን በኩል ሆኖ መሥራትና በተቻለ መጠን ለብረት ጭስ የተሠራ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ነው።