ነጭ የደም ሴሎች ወዴት ይሄዳሉ?

ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሳይንቲስቶችን ለብዙ ዓመታት ግራ ሲያጋቡ ቆይተዋል። ደረት ውስጥ ባለው ትልቁ የሊምፍ ቧንቧ በኩል በየቀኑ ወደ ደም የሚገቡት፣ ደም ውስጥ ካሉት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ታዲያ ቁጥራቸው ለምን አይጨምርም? ብዙዎች "ቶሎ ስለሚሞቱ ነው" ይሉ ነበር።

የኦክስፎርዱ ጄምስ ጎዋንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1964 በታተሙ ጥናቶቹ ነገሩን በአይጦች ላይ ፈተሸው። ሴሎቹን ከሊምፍ ቧንቧው ቀድቶ፣ ራዲዮአክቲቭ ምልክት አድርጎባቸው ወደ ደም መለሳቸው። ምልክቱ ጨረር ስለሚሰጥ የትም ቢገቡ አይደበቁም። ምን ተገኘ? ከደም ወጥተው ወደ ሊምፍ እጢዎች (ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው) ይገባሉ፤ ከዚያ በሊምፍ ቧንቧ ዞረው ወደ ደም ይመለሳሉ። ሞቱ የተባሉት ለካስ ሮንድ ላይ ናቸው!

ምልክት የማድረጉ ዘዴ ዛሬ ሐኪም ቤትም ገብቷል። አንድ ሕመምተኛ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት መግል የቋጠረው ቦታ ሲጠፋ፣ ደሙ ይቀዳና ነጭ ሴሎቹ ኢንዲየም 111 በሚባል ንጥረ ነገር ምልክት ተደርጎባቸው ይመለሱለታል። ሴሎቹ ኢንፌክሽኑ ወዳለበት ይሰበሰባሉ፤ በማግስቱ ልዩ ካሜራ ቦታውን ያሳያል። ጨረሩም በ2.8 ቀን በግማሽ ይቀንሳል። ሕመምተኛው በግምት ከመቀደድ ዳነ ማለት ነው።