ድምፅ ማጉያን በግድግዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለ መሰወር

የሬዲዮና የሙዚቃ ድምፅ የሚወጣበት ስፒከር የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ጌጥ ያበላሻል በማለት፣ ከግድግዳ ጋር ተያይዞ በተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብተው የሚዘጉበት ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዐይን የተሰወረው ከጆሮም እንዳይሰወር መጠንቀቅ ያሻል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ እንደ ማዕበል ይሄዳል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ወፍራም ድምፅ ማዕበሉ 7 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ መዝጊያ ቢዘጋበትም ይሰማል። 5,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ቀጭን ድምፅ ግን ማዕበሉ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ በሳንቃው ይገታል። እንደ «ሰ» እና እንደ «ፈ» ያሉትን ድምፆች ለይተን የምናውቃቸው ደግሞ በዚሁ በቀጭኑ ነው። ስለዚህ ከተዘጋ ሣጥን የሚወጣ ንግግር ድምፁ ይሰማል እንጂ ቃሉ አይለይም። ሰው ሲያረጅ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ስለ ሆነ፣ የቤቱ አባት «ምን አለ?» እያሉ ደጋግመው ቢጠይቁና ጆሮዬ ደከመ ብለው ቢያዝኑ፣ የጥፋቱ እኩሌታ የመዝጊያው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ እንዲደረግ እንመክራለን።

አንደኛ፤ በሳንቃ መዝጊያ ፈንታ ስስ ጨርቅ የተወጠረበት ክፈፍ ይደረግ። ጨርቁን ወደ አፍ አስጠግቶ መተንፈስ ነው፤ ትንፋሽ ያለ ችግር ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ከፈይ ግን አይሆንም።

ሁለተኛ፤ የስፒከሩ ፊት ከመደርደሪያው ጫፍ ጋር ይስተካከል፤ ከፍታውም በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ይሁን።

ሦስተኛ፤ ሣጥኑ አብሮ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ ጎማ ወይም ስፖንጅ ይነጠፍ። በስተኋላው ቀዳዳ ያለው ስፒከር እንዳይታፈን ከግድግዳው ይራቅ። በአሜሪካ ኤድጋር ቪልቹር በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው ዐይነት ቀዳዳ የሌለው ዝግ ስፒከር፣ ከትንሽ ሣጥን ወፍራም ድምፅ ስለሚያወጣ ለመደርደሪያ ይስማማል።

አራተኛ፤ አምፕሊፋየሩ ስለሚግል ከላይና ከታች የአየር መውጫና መግቢያ ይተውለት፤ ታፍኖ ከቀረ ይበላሻል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

አናጢው የመጨረሻውን ምስማር ከመምታቱ በፊት የቤቱ አባት በዘወትር መቀመጫቸው ይቀመጡና ወሬ ያድምጡ። ቃሉ ተለይቶ ተሰማኝ ካሉ ሥራው ተፈጽሟል፤ አልተሰማኝም ካሉ ግን ጌጡ ቀርቶ መዝጊያው ይነሣ።