የአሥራ አምስት ደቂቃ ቀጠሮ

በእስራኤል የምትገኘው ርሆቮት የሳይንስ ከተማ ናት። ነዋሪዋ የነበረውን ኬሚስት ሐይም ቫይዝማንን ስመ ጥር ያደረገችው አንዲት ባክቴሪያ ነበረች፤ ስታርች እየበላች አሴቶንና ቡታኖል ትሰጣለች፣ ጥቂት ኤታኖልም ጨምራ። ኤታኖል በጠላውም፣ በጠጁም፣ በቮድካውም ውስጥ ያለው ያው አልኮል ነው። በዚያችው ከተማ ክርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይኖራሉ። አገር ቤት ጠላ የሚጠመቀው ለበዓልና ለደቦ ነበር፤ የሚጠጣውም ሽማግሌ ባለበት። ቮድካ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2010 ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሱቆች አልኮል እንዳይሸጡ መከልከሏም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ኤታኖል አንጎል ሲደርስ ጋባ የተባለውን አረጋጊ ኬሚካል ያበረታል፤ ቀስቃሹን ግሉታሜትን ያዳክማል። የጠጪ ምላስና ጉልበት የሚፈታው ለዚህ ነው። ሰውየው በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል በበኩሉ ቀስቃሹን እያጠናከረ ሚዛኑን ይጠብቃል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ታዲያ ቀስቃሹ ብቻውን ይቀራል፦ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ላብ፣ ሲብስም ቅዠትና እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ። ይህ ሊገድልም ስለሚችል ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይየው።

ሰውነት ከአልኮሉ ከጸዳ በኋላስ? መጠጥን ለመተው የሚረዱት የአሥራ ሁለቱ እርምጃዎች ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ሰው፣ መጠጥ ከተወ አምስት ወሩ፣ ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው አክሮን ንግዱ ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ቆሟል። ከቡና ቤቱ ሳቅ ይሰማል። እሱ ግን ወደ ስልኩ ሄደ፤ እንደሱ የሚጠጣ ሰው ፈልጎ ለአንድ ቄስ ደወለ። ሰው በሰው ተገኘ፦ ቦብ ስሚዝ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ቀዶ ሐኪም። ሐኪሙ ስብከት ሰልችቶት አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ፈቀደ፤ ስድስት ሰዓት ያህል ተጨዋወቱ። ቢል አልመከረውም፤ የራሱን ውድቀት ነገረው። ከዚህ ጨዋታ የተወለደው፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ቦብ መጠጥ ካቆመበት ከሰኔ 10 ቀን 1935 ነው። እርምጃዎቹ በመጽሐፍ የታተሙት በ1939 ነበር፦ በመጠጥ መሸነፍን ማመን፣ እያንዳንዱ በሚረዳው መንገድ ከራሱ በላይ በሆነ ኃይል ላይ መደገፍ፣ ጥፋትን ቆጥሮ ለሌላ ሰው መናዘዝ፣ የበደሉትን መካስ፣ የዳነውም ገና ላልዳነው መንገር።

ሃይማኖት የበዛበት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም ሥሩ ኦክስፎርድ ግሩፕ ከተባለ ክርስቲያናዊ እንቅስቃሴ ነው። ግን ውጤቱ ተለክቷል። በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን አጠቃሎ፣ ሕመምተኛውን ወደ ማኅበሩ የሚያስገባ ሕክምና መጠጥን ፈጽሞ በመተው ረገድ ከሌሎች የንግግር ሕክምናዎች እንደሚሻል አሳይቷል፤ ከዓመት በኋላ 42 በመቶው ከመጠጥ ርቀው ሲገኙ በሌላው ወገን 35 በመቶው ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ያም ሆኖ ስብሰባው በነጻ ነው።

ለእኛ ሰው ኑዛዜው አዲስ አይመስለኝም፤ በቤተ እስራኤል ዘንድ ለቄስ መናዘዝ የቆየ ነገር ነው። የሚከብደው ስም መደበቁ ነው። ማኅበሩ ውስጥ ሰው በመጠሪያ ስሙ ብቻ ይታወቃል፤ የአባት ስም የለ፣ የቤተሰብ ስም የለ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ክርያት ሞሼ ውስጥ ስብሰባ ገብቶ ወንበር የሚስብ ጎልማሳ ከፊቱ የአጎቱን ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? ምናልባት ጎረቤትየውም ያንኑ ፈርቶ ሦስት ሳምንት ከበር ተመልሶ ይሆናል።