በኮሪያ የጦርነት ሙዚየሞች የቃኘው ሻለቃዎች ታሪክ



የጦርነት ሙዚየም ያለፈውን ከማሳየት ባሻገር ሊታወስ የሚገባውን ይመርጣል። ይህን በደቡብ ኮሪያ በሚገኙ ሦስት ሥፍራዎች አስረዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው የሴኡል የጦርነት መታሰቢያ የአገሪቱን ይፋዊ ትረካ ይዟል። በግቢው የቆመው ሐውልት ግን በተቃራኒ ጦር የተሰለፉ ወንድማማቾች ሲተቃቀፉ ያሳያል፤ ጦርነቱ ቤተ ሰብን እንደ ከፈለ ይመሰክራል።

በቹንቾን የሚገኘው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ፣ ጣሪያው የአገራችንን ጎጆ የሚመስል፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በየተራ የዘመቱትን የቃኘው ሻለቃዎች ይዘክራል።

ሦስተኛው የቡሳን የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ነው። ከ2,300 በላይ ሙታን ባረፉበት በዚህ ሥፍራ የኢትዮጵያውያን መቃብር የለም። ከዚህ ተነሥቶ ኢትዮጵያውያን አልወደቁም የሚል ጎብኚ ይሳሳታል። ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ ዐፅማቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሷል። ስማቸውን የሚነግረን እዚያው የቆመው የስም ግድግዳ ነው። እንግዲህ የመቃብር አለመኖር የታሪክ አለመኖር አይደለም።

በአገራችንም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የዘማቾቹ ገድል ተሸፍኖ ኖሯል። ባሕር ማዶ የተከበረው መታሰቢያ በአገር ቤት ዝም ተሰኝቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ሙዚየም ስትጎበኙ ሦስት ጥያቄዎችን ያዙ፦ ተራኪው ማን ነው? የተጠቀሰውስ ማን ነው? የታለፈው የት ይገኛል? የመጨረሻው ጥያቄ አይዘገይም፤ በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ነው። የእነርሱን ቃል መመዝገብ የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው።