ርካሽ ባልዲ ግዙ፣ ርካሽ ዲቫይደር ግን ተዉት

የቤት ዕቃ ስለመግዛት ምክር ሲጠየቅ ሁሉም ሰው አፉ ላይ ያለው መልስ «ርካሽ ነገር መጨረሻው ውድ ነው» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በዚህ ኑሮ ላይ አንድን ሰው «ሁሌም ጥራቱን ምረጥ» ማለት ምክር ሳይሆን ሹፈት ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ መቀየር አለበት ባይ ነኝ። ዋጋና ጥራትን ከማመዛዘናችሁ በፊት ዕቃው የተበላሸ ዕለት ሌላ ምን ይዞ እንደሚበላሽ ጠይቁ። ባልዲ ቢሰነጠቅ ውሃ ይፈሳል፣ ወለሉ ይወለወላል፣ በቃ። መጥረጊያ፣ የፕላስቲክ ጆግ፣ የልብስ መስቀያ፣ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጣ ትሪ፣ እነዚህ ቢሰበሩ ኪሳራው የራሳቸው ዋጋ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ርካሹን የሚገዛ ሰው አልተሸወደም፤ እንዲያውም ገንዘቡን የሚያባክነው ውድ ባልዲ የሚገዛው ነው። ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ ወይም የታመቀ እንፋሎት ያለበት ዕቃ ግን ሲበላሽ ብቻውን አይበላሽም።

ዲቫይደርን እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት ከ16 እስከ 18 አምፔር ይመጣል። በርካሽ የሚሸጠው ዲቫይደር ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ይላል። አንዳንዱ ደግሞ 16 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቁጥር ማተም ግን መዳብ ከመጨመር ይረክሳል። ዋናው ልዩነት ከፕላስቲኩ ሥር ነው ያለው። የጥሩው ገመድ ሙሉ በሙሉ መዳብ ሲሆን፣ የርካሹ ብዙ ጊዜ ላዩን መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ያህል ነውና፣ እኩል ውፍረት ያለው ገመድ በዚያው ጭነት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሙቀት ያመነጫል። በዚያ ላይ ሙቀቱ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይሄድም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር ዓመታት ያለ ችግር ያገለገለ ዲቫይደር፣ ምጣድ የተሰካበት ዕለት ሽታ የሚያመጣውና የሚቀልጠው ለዚህ ነው። (ለነገሩ ምጣድ ጭራሹኑ ዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም፤ የራሱ መስመርና ብሬከር ይፈልጋል።) ይህ ዕቃ ሲበላሽ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰውን ይዞ ይሄዳል። ለጋዝ ሲሊንደር ሬጉሌተርና ጎማ፣ ለፕሬዠር ኩከር ክዳንም ሒሳቡ ያው ነው።

«ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው ያለው ማነው?» የሚል ሰው ይነሳል፤ ልክ ነው። ዋጋ የጥራት ማስረጃ አይደለም። አንዳንዱ ዋጋ የሱቅ ኪራይ ነው፣ አንዳንዱ የስም ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የገዢውን ፊት አይቶ የሚጠራ ነው። መርካቶ ውስጥ «ኦርጅናል ነው» ያልተባለ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ዓይናችሁ ከዋጋው ወደ ዕቃው ይዙር። ገመዱን በሜትር የምትገዙ ከሆነ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አስጠጉት፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው። ሁለት ዲቫይደር በሁለት እጃችሁ አንሱና ክብደታቸውን አመዛዝኑ፤ ሶኬት ሰክታችሁ ንቀሉ፣ ላላ ካለ ተዉት፤ የላላ ሶኬት ይግላል። ሌላም አለ። እኛ አገር ጥራት ማለት መለዋወጫው የሚገኝ መሆኑንም ይጨምራል። ከአውሮፓ የመጣ፣ ግን ሠፈራችሁ ያለው ጠጋኝ ዕቃ የማያገኝለት ውድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ መለዋወጫው ገበያ ላይ ከሞላለት መካከለኛ ማሽን ያንሳል።

አምፖል ከሁለቱም ወገን ለየት ይላል። ሲቃጠል ጉዳት የለውም፤ ዋጋው ግን ሱቅ ላይ አያልቅም። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በዓመት 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ደግሞ 16 ገደማ። እዚህ ላይ ርካሹ አምፖል በየወሩ በቆጣሪው በኩል ያስከፍላችኋል።

ከሁሉም ከባዱ ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። እጁ ላይ ያለው ብር ለርካሹ ብቻ የሚበቃ ሰው ምን ይምረጥ? ይህን ተቃውሞ አላቃልለውም፤ ደሃ በሦስት ጊዜ ግዢ ሀብታም በአንዴ ከሚያወጣው በላይ የሚያወጣው ወዶ አይደለም። ግን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለን፦ ዕቁብ። ዕቁብ ሲደርስ ሙሉ ገንዘብ በአንድ ቀን እጅ ላይ ይገባል፤ ያ ብር ብዙ ጊዜ ለሚታይ ነገር፣ ለሶፋና ለምንጣፍ ይውላል። ከሶፋው በፊት ምጣዱ፣ ብሬከሩና የጋዙ ሬጉሌተር ቢቀድሙ እመርጣለሁ። ሶፋ ርካሽ ቢሆን ወገብ ያማል እንጂ ቤት አያቃጥልም። ዕቁብ የሌለው ደግሞ ባልዲውንም ጆጉንም ከርካሹ ገዝቶ የተረፈችውን ብር ገመዱ ላይ ይጨምራት።

ስትገዙ ግን ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ፤ የዕቃው ስምና ዓይነት በትክክል ይጻፍበት። ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ አታቆዩት፤ በገዛችሁ ሳምንት ሙሉ ጭነት ሰጥታችሁ፣ አጠገቡ ቆማችሁ ሞክሩት።